ክፍል ውስጥ አየር የለም፣ መስኮት ልክፈት ስል «ብርድ» ይሉኛል፣ ምን ላድርግ?

ጠመኔ_በእጄ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። አዲስ አበባ አንድ የግል ት/ቤት 4ኛ ክፍል ነው የማስተምረው። ት/ቤቱ እንደ ብዙዎቹ መኖሪያ ቤት ተከራይቶ ነው የሚሰራው፣ የኔ ክፍል ድሮ የቪላው መኝታ ቤት የነበረ ይመስለኛል፣ ቁምሳጥኑ የነበረበት ቦታ እስካሁን ግድግዳው ላይ ያስታውቃል። በሜትር ለክቼዋለሁ 5 በ6 ነው፣ ኮርኒሱም ዝቅ ያለ ነው፣ ልጆቹ 42። አስቡት።

ጠዋት ከሰልፍ ሲገቡ ችግሬ ዝም ማሰኘት ነው፣ 4ኛ ፔሬድ ላይ ግን ስራዬ መቀስቀስ ይሆናል። ያዛጋሉ፣ ዴስኩ ላይ ድፍት ይላሉ፣ እኔንም ራሴን ይፈልጠኛል። ርቧቸው ነው ብዬ ነበር ግን በእረፍት በልተው ሲመጡም ያው ነው። ደሞ የሚገርመው እኛ ውስጥ ያለነው ምንም አይሸተንም፣ ዩኒት ሊደሯ በሩን ስትከፍት ግን አፍንጫዋን ይዛ ነው የምትመለሰው።

መስኮት ሁለት አለን። አንዱ ወደ መንገድ ነው፣ ሲኖትራኩም ሚኒባሱም ዳገቱን ሲወጣ ጥቁር ጭሱን ልክ እኛ ላይ ነው የሚለቀው፣ ጫጫታውም አያስተምርም። ሌላኛው ወደ ግቢ ነው፣ ከሱ ስር ደሞ መብራት ሲጠፋ የሚነሳው ጀነሬተር አለ። መብራት ባለበት ቀን የግቢውን ስከፍት ከመስኮቱ ስር የሚቀመጡት ልጆች ወላጆች በኮሚዩኒኬሽን ቡኩ ላይ «ልጄን ብርድ እየመታብኝ ስለሆነ መስኮት ይዘጋልኝ» ብለው ይልካሉ። ሶስት ወላጅ ነው እስካሁን የጻፈልኝ፣ ዳይሬክተሩም «ከወላጅ ጋር አታጋጪን» አለኝ በቃ ተዘጋ።

አሁን ለገና እህቴ ከአሜሪካ ስትመጣ ካርቦንዳይኦክሳይድ የሚለካ ትንሽዬ እቃ አመጣችልኝ (ሲኦቱ ሜትር ይሉታል)። ጠዋት ልጆቹ ሳይገቡ 480 ፒፒኤም (ከሚሊዮን ስንት እጅ ማለት ነው) ይላል፣ 3ኛ ፔሬድ መጨረሻ ላይ 2,850 አለ፣ ይጮሀልም። ልጆቹ ጫጩት ብለውታል። ጥያቄዬ፣ ይሄ ቁጥር አደገኛ ነው ወይ? ሰው ከሰል አንድዶ ተኝቶ ሞተ የሚባለው ይሄው ነገር ነው? ምን ባደርግ ነውስ ልጆቹንም ወላጆቹንም ሳላስቀይም አየር የማስገባው?

የመንታዎቹ_እናት፦

ቲቸር ይቅርታ አድርጊልኝና እኔ ከወላጆቹ ጋር ነኝ። መንታዎቼ ኬጂ 2 ናቸው፣ አምና በጥር አንደኛዋን የሳንባ ምች ይዟት አስር ቀን ነው የተኛችው፣ መስኮት ስር ነበር የምትቀመጠው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የአዲስ አበባን ብርድ ታውቂው የለ? ጋቢ አስለብሰን አንልካቸው። አንቺ ቆመሽ ወዲህ ወዲያ ትያለሽ፣ ልጅ ግን ተቀምጦ ነው የሚውለው። ንፋስ በፊትና በኋላ ሲመጣ ነው ሰው የሚመታው።

ወያላው፦

የኛ ሰው እኮ ታክሲ ውስጥ 16 ሆኖ ተጨናንቆ በጠራራ ፀሐይ ላቡ እየተንጠፈጠፈ አንዱ መስኮት ሲከፍት «ኧረ ወንድም ዝጋው» ነው የሚለው 😂 እዛው የሚያስለው ሰውዬ ራሱ ነው ዝጋ የሚለው። ቲቸር ፈጣሪ ይርዳሽ።

ጤና_መኮንን፦

መጀመሪያ የከሰሉን ልመልስ፣ ብዙ ሰው ስለሚያምታታው። ከሰል የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፣ ሌላ ነገር ነው። አንቺ የለካሽው ካርቦንዳይኦክሳይድ እኛው የምንተነፍሰው ነው፣ በዚህ መጠን መርዝ አይደለም። አሜሪካኖቹ ለሰራተኛ በ8 ሰዓት አማካይ እስከ 5,000 ድረስ ይፈቅዳሉ። ያፈዝዛል አያፈዝዝም በሚለው ላይ ጥናቶቹ ራሳቸው አልተስማሙም፣ በ2012 (በፈረንጅ) የወጣ አንድ ጥናት 2,500 ላይ የሰዎች የመወሰን ችሎታ በጣም ወረደ ብሏል፣ በኋላ ሰርጓጅ መርከብ ላይ በሚሰሩ ሰዎች የተደረገው ደሞ ከዛም በላይ መጠን ሰጥቷቸው ምንም ለውጥ አላገኘም። ስለዚህ «ልጆቹን ያስተኛቸው ሲኦቱ ነው» ብዬ አልምልልሽም፣ ሙቀቱም መጨናነቁም አብሮ አለ።

ቁጥሩ የሚነግርሽ ግን ሌላ ቁምነገር ነው። ክፍሉ ውስጥ ካለው አየር ምን ያህሉ ከሌላ ሰው ሳንባ እንደወጣ ነው የሚያሳየው። ሰው ሲያስወጣ ትንፋሹ ውስጥ 4 በመቶ ገደማ ሲኦቱ ነው፣ ማለትም 40,000። ከ2,850 ላይ የውጪውን 420 ቀንሰሽ ስታካፍዪው ልጆቹ ከሚስቡት 16 ትንፋሽ አንዱ የጓደኛቸው ትንፋሽ ነው። አንድ ጉንፋን የያዘው ልጅ ሲመጣ ሳምንቱን ሙሉ ክፍሉ በሙሉ የሚያስለው ለዚህ ነው። እኛ ሀገር ደሞ ቲቢ አለ፣ አልጠፋም። ጤና ጣቢያ ውስጥ የቲቢ ታካሚ የሚጠብቅበት ቦታ ላይ መጀመሪያ የምናደርገው መስኮቱን በሁለቱም በኩል መክፈት ነው፣ መድሃኒት እንኳን ሳይጀመር።

የመንታዎቹ እናት፣ እግዜር ይማርልሽ፣ ግን የሳንባ ምች ጀርም ነው እንጂ ንፋስ አይደለም። በብርድ ወራት ጉንፋንና ሳል የሚበዛበት አንዱ ምክንያት ራሱ ዘግተን ስለምንቀመጥ ነው። ይሁን እንጂ ስጋትሽን አልንቀውም፣ አስም ላለበት ልጅ ቀዝቃዛ አየር ይቀሰቅስበታል፣ እንደዛ ያለ ልጅ ካለ ከመስኮቱ ስር ይነሳ፣ ሹራብ ይደረብለት።

ቲቸር አንቺን ግን 2,850 ሳይሆን ጀነሬተሩ ነው ሊያስደነግጥሽ የሚገባው። እሱ ነው ያንን የከሰሉን ጋዝ የሚያወጣው። ሽታም ቀለምም የለውም፣ ያ ጫጩትሽም አያየውም። ጀነሬተር መስኮት ስር አይቀመጥም፣ አለቀ። ሲነሳ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከተሰማችሁ ልጆቹን ይዘሽ ውጪ።

ሴንሰር_ነካሽ፦

ቲቸር መሳሪያውን ከማመንሽ በፊት ሁለት ነገር አድርጊ።

አንደኛ፣ ገበያ ላይ ሲኦቱ እለካለሁ የሚል ግን የማይለካ ብዙ እቃ አለ፣ ሽታ ነገር ለክቶ ከዛ ሲኦቱን የሚገምት። ሳኒታይዘር እጅሽ ላይ አድርጊና አጠገቡ ያዢው፣ ቁጥሩ ወደ ላይ ከተፈተለከ የውሸት ነው። ትክክለኛው በኢንፍራሬድ ብርሃን ነው የሚለካው፣ ለአልኮል ግድ የለውም።

ሁለተኛ፣ ይሄን ደሞ ማኑዋሉን ካላነበቡ ማንም አይነግርሽም፣ አዲስ አበባ ከባህር ጠለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ከባህር ዳርቻ ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይሳሳል። መሳሪያው የሚቆጥረው ብርሃኑ መንገድ ላይ ያገኛቸውን ሞለኪሎች ስለሆነ ከፍታውን ካልነገርሽው አሳንሶ ነው የሚያነበው። ሴቲንግ ውስጥ አልቲቲዩድ የሚል አለ፣ 2400 ብለሽ አስገቢ። ካላስገባሽ ያ 2,850 በትክክል 3,700 አካባቢ ነው። (ጠዋት 480 ማለቱ ራሱ ያጠራጥረኛል፣ ያልተስተካከለ ከሆነ ክፍሉ አዳሩን ተዘግቶ ስላደረ የትላንቱ ትንፋሽ አልወጣም ማለት ነው።)

አሁን ሂሳቡን እንስራ። የ10 ዓመት ልጅ ተቀምጦ በሰዓት 12 ሊትር ገደማ ሲኦቱ ያወጣል። 42 ሲሆኑ 500 ሊትር። ክፍልሽ 5 በ6፣ ቁመቱን 2.80 ብንለው 84 ሜትር ኩብ፣ 84,000 ሊትር ማለት ነው። በሩም መስኮቱም ጥርቅም ቢል በሰዓት 6,000 ፒፒኤም ይጨምራል፣ በአንድ የ40 ደቂቃ ፔሬድ 4,000። ያንቺ ቁጥር እዚህ ያልደረሰው አየሩ በስንጥቁም በበሩም ስለሚያመልጥ ነው።

ብዙ ቦታ ጥሩ ነው የሚባለው ከ1,000 በታች ነው። ይቺ ቁጥር የዛሬ አይደለችም፣ ፔተንኮፈር የሚባል ጀርመናዊ በ1858 (በፈረንጅ) ሙኒክ ውስጥ ያወጣት ናት፣ ያኔም ትምህርት ቤት ውስጥ ሳይቀር ይለካ ነበር። አንቺ ክፍል ውስጥ 1,000 ላይ ለመቆየት ግን በሰዓት 800 ሜትር ኩብ በላይ ንጹህ አየር ማስገባት አለብሽ፣ ማለትም የክፍሉ አየር በየ6 ደቂቃው ሙሉ በሙሉ መቀየር አለበት። ይሄ በአንድ መስኮት አይሆንም። ስለዚህ 1,500 ላይ ከያዝሽው ጎበዝ ነሽ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ጥፋተኛው መስኮቱም ወላጁም አይደለም፣ መኝታ ቤት ውስጥ 42 ልጅ የከተተው ሰው ነው። የመንግስት ስታንዳርዱ ራሱ ለአንደኛ ደረጃ 50 ልጅ በክፍል ነው የሚለው፣ ግን ያ ለትምህርት ቤት ተብሎ ለተሰራ ሰፊ ክፍል እንጂ ለቪላ አልነበረም።

ጠመኔ_በእጄ፦

እናንተ ጉድ ናችሁ። ሳኒታይዘሩን አድርጌ ያዝኩት ንቅንቅ አላለም፣ እሰይ። ከፍታውን 0 ላይ ነበር ያገኘሁት፣ 2400 አደረግኩት። ዛሬ 4ኛ ፔሬድ 3,690። ሴንሰር ነካሽ አንተ ጠንቋይ ነህ እንዴ? 😅

የጠዋቱም ግምትህ ልክ ነው፣ ክፍሉ ተዘግቶ ነው የሚያድረው፣ ዛሬ ማታ ስወጣ የግቢውን መስኮት ገርበብ አድርጌ ልሂድ ብል ጥበቃው ሌባ ይገባል ብሎ ዘጋው።

ማነው_ሜሪላንድ፦

እኔ እዚህ ዲሲ አካባቢ የትምህርት ቤት ህንጻ ጥገና ላይ ነው የምሰራው፣ ማሞቂያና ማቀዝቀዣ። እዚህ ሁሉ ነገር በማሽን ስለሆነ የተሻለ እንዳይመስላችሁ። ጣራ ላይ ያለው ማሽን የውጪ አየር የሚያስገባበት መዝጊያ አለው፣ ስንቱን ከፍተን ስናይ አንድ ሰው የዛሬ ስንት ዓመት መብራት ይቆጥባል ብሎ ጥርቅም አድርጎ ዘግቶት፣ ያው አየር ዓመት እስከ ዓመት ይዞራል። ማንም አያውቅም ምክንያቱም ቀዝቃዛ አየር ይወጣል፣ ቀዝቃዛ ሲሆን ደሞ ሰው ንጹህ ይመስለዋል። ከኮቪድ በኋላ ነው የነቁት፣ በ2021 (በፈረንጅ) ፌደራል መንግስቱ ለትምህርት ቤቶች ብዙ ገንዘብ ሲለቅ ለዚህም ማዋል ይቻል ስለነበር ፊልተሩ ወደ መርቭ 13 (ደቃቅ ብናኝ የሚይዝ የፊልተር ደረጃ ነው) ተቀየረ፣ ሲዲሲም (የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ መስሪያ ቤት) በ2023 አየሩ በሰዓት 5 ጊዜ ይጽዳ ብሎ ቁጥር አወጣ።

እዚህ ልጆች ራሳቸው የሚሰሩት አንድ ነገር አለ፣ ኮርሲ ሮዘንታል ሳጥን ይባላል፣ አራት ወይ አምስት ፊልተር በቴፕ አጣብቀሽ ላዩ ላይ ቬንትሌተር ታስቀምጫለሽ፣ በጣም ይሰራል። ግን ልብ በይ፣ ፊልተር አቧራና ጭስ ጀርምም ይይዛል እንጂ ሲኦቱን አይቀንስም። ጫጩትሽ እየጮኸች ትቀጥላለች። ደሞ መብራት ያስፈልገዋል፣ ፊልተሩም እዛ በቀላሉ አይገኝም፣ ስለዚህ ላኪልኝ እንዳትዪኝ ሻንጣ ይሞላል 😄

ለአንቺ የሚሆነው ይሄ ነው። በአንድ በኩል በሰፊው ከመክፈት በሁለት በኩል በጠባቡ መክፈት ይበልጣል። የግቢውን መስኮት አንድ ስንዝር፣ በሩን አንድ ስንዝር፣ ሙሉ ቀን። መስኮቱ ከላይ የሚከፈት ከሆነ ደሞ እሱን፣ የሞቀው አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ በላይ ይወጣል፣ ቀዝቃዛውም ልጆቹ አንገት ላይ ቀጥታ አያርፍም፣ ወላጆቹም አይጽፉብሽም። የመንገዱን በትምህርት ሰዓት ዝጊው፣ በእረፍት ልጆቹ ሲወጡ ሁሉንም ብርግድ አድርጊ፣ አምስት ደቂቃ እንኳን ብዙ ነገር ያወጣል።

ከናታኒያ፦

እዚህ እስራኤል ከፀደይ ጀምሮ ክፍሉ በሙሉ መዝጋን (ኤሲ፣ የአየር ማቀዝቀዣ) ነው፣ መስኮት ከከፈትሽ «ቅዝቃዜው ይወጣል» ነው የሚሉሽ፣ እናንተ ጋ ብርድ ይገባል እኛ ጋ ብርድ ይወጣል 😂 ግድግዳ ላይ ያለው መዝጋን የክፍሉን አየር ነው መልሶ መላልሶ የሚያቀዘቅዘው፣ ከውጪ አንዲት ጠብታ አያስገባም። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመጣ በየቀኑ ራሴን ትላለች፣ ይሄን አንብቤ ገና አሁን ነው የተጠራጠርኩት።

የገጠር_መምህር፦

የናንተ ችግር ለኛ ቅንጦት ነው ልበል እንዴ። ሰሜን ሸዋ ነው ያለሁት፣ ክፍሉ ጭቃ ቤት ነው፣ 70 ልጅ፣ መስኮቱ መስታወት ኖሮት አያውቅም፣ በሩም ከተገነጠለ ሁለት ዓመቱ ነው። ሲኦቱ ሜትር ብታመጡልኝ ተኝቶ ነው የሚውል። የኛ ጠላት አቧራ ነው። ወለሉ አፈር ነው፣ ልጆቹ ከእረፍት ሮጠው ሲገቡ ለአስር ደቂቃ ሰሌዳው አይታይም፣ ፊት ያለው ልጅ ላይ ደሞ የጠመኔው ዱቄት ይጨመርበታል።

ያገዘኝን ልንገራችሁ፣ ዋጋውም አንድ ጀሪካን ውሃ ነው። ተረኞቹ ሲጠርጉ መጀመሪያ ውሃ ይረጫሉ፣ ጥርጊያውም ጠዋት መሆኑ ቀርቶ ማታ ከተለቀቁ በኋላ ሆነ፣ አቧራው አዳሩን ይወርዳል። ዳስተሩን እርጥብ ጨርቅ አደረግኩት፣ ግድግዳ ላይ ማራገፍ ክልክል። በወር አንዴ ወለሉን በእበት እንለቀልቃለን፣ እናቶች ናቸው የሚያግዙን። ሳሌ ራሱ ቀንሷል። የምገባው ኩሽና ግን 1ኛ ክፍል ጀርባ ነው፣ እንጨት ነው የሚነደው፣ እሱን ምን እንደማደርገው አላውቅም። እንዳይቀር ነው የምፈልገው ምክንያቱም ምገባው ከመጣ ወዲህ ነው ልጆቹ የማይቀሩት፣ ቦታው ብቻ ቢዞር።

ሴንሰር_ነካሽ፦

የገጠር መምህር ያልከው ትልቅ ነገር ነው። አቧራና ጭስ ሌላ መለኪያ ነው የሚፈልገው፣ ፒኤም 2.5 የሚሉት፣ ከፀጉር ውፍረት ሰላሳ ጊዜ ገደማ የሚያንስ ብናኝ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 (በፈረንጅ) ገደቡን አውርዶ ለአንድ ቀን በሜትር ኩብ አየር 15 ማይክሮግራም ብሏል።

ሁለቱ እንደሚለያዩ ማየት የፈለገ ኅዳር 12 ጠዋት አዲስ አበባ ላይ ይለካ። ኅዳር ሲታጠን ማለቴ ነው፣ ሰፈሩ በሙሉ ቆሻሻ ሲያቃጥል። ሲኦቱ ምንም አይልህም ፒኤሙ ግን ሰማይ ይነካል፣ እንደዛ ባለ ቀን መስኮት መዝጋቱ ነው ልክ። (በነገራችን ላይ ያ ጭስ የተጀመረው በ1911 ዓ.ም. ለገባው የኅዳር በሽታ ነው፣ ኢንፍሉዌንዛ ነበር፣ በትንፋሽ የሚተላለፍ። በሽታውን ለማባረር አየሩን አበላሸነው፣ እስከዛሬም እንዘክረዋለን።)

ጠመኔ_በእጄ፦

ሁለት ሳምንት ጠፋሁ ይቅርታ፣ ሚድ እያረምኩ ነበር።

ያደረግኩትን ልንገራችሁ። የግቢው መስኮት የላይኛዋ መስታወት የማትከፈት ነበረች፣ ወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ህብረት) ውስጥ ያለ አንድ አባት አናጢ ነው፣ መስታወቷን አውልቆ የሽቦ ወንፊት ገጠመበት፣ ሌባ አያስገባም ጥበቃውም ዝም አለ። በሩ ስር ድንጋይ አድርገን አንድ ስንዝር ክፍት ነው። በእረፍት የክፍል አለቃዋ ሁሉንም ትከፍታለች፣ ደወል ሲደወል የመንገዱን ትዘጋለች፣ ሌላ ሰው መስኮት ከነካ ትጣላለች። አሁን 4ኛ ፔሬድ ላይ 1,600፣ አንዳንዴ 1,800። ያዛጋሉ አሁንም፣ ሂሳብ ስለሆነ ይሆናል። እንደበፊቱ ግን አይደፉም፣ የኔም ራስ ምታት ለቆኛል። ብርድ ብሎ የጻፈልኝ ወላጅ አንድ ብቻ ነው፣ ልጁን ቦታ ቀየርኩለት።

ጀነሬተሩ እዛው ነው። ኬብሉ አይደርስም አሉኝ። ከዛ እስኪዛወር ድረስ በተነሳ ቁጥር ልጆቹን ይዤ ግቢ ዛፍ ስር ነው የማስተምረው፣ ዳይሬክተሩ ሁለቴ አይቶ ዝም ብሏል።

አሁን የጨነቀኝ ሌላ ነው። ሐሙስ ጫጩቷን ይዤ ኬጂዎቹ ከምሳ በኋላ የሚተኙበት ክፍል ገባሁ። 30 የሚሆኑ ህጻናት ፍራሽ ላይ ተደርድረው ተኝተዋል፣ መጋረጃው ተጋርዷል፣ በሩ እንዳይረበሹ ተዘግቷል፣ መስኮቱ «ላብ ላይ ስለሆኑ» ተዘግቷል። 4,400። ሞግዚቷን ስጠይቃት «ሲነሱ ይነጫነጫሉ፣ ግን ጥሩ ነው የሚተኙት» አለችኝ። ክፍሉ የኔ አይደለም፣ ለማን ነው የምናገረው?

የመንታዎቹ_እናት፦

ቲቸር ያንቺ ት/ቤት የኔ ልጆች የሚማሩበት እንዳልሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። የኔዎቹም ከምሳ በኋላ ያስተኟቸዋል። ሁሌ ስወስዳቸው ጉንጫቸው ቀልቶ ሲነጫነጩ እንቅልፍ ስላልጠገቡ ነበር የሚመስለኝ።

ነገ በ7 ሰዓት ሳላሳውቃቸው ሄጄ የሚተኙበትን ክፍል አያለሁ። ያቺ እቃ ስሟ ምን ነበር? ለአንድ ቀን ታውሺኛለሽ?